ቱምቢ

ቲኬቴ ተቆርጧል ከፒያሳ ቢሮ፣
የሦስት ዓመት ላቤ በድንጋይ ተቆጥሮ።
ኅዳር አሥራ አራት፣ ከአዘዞ ተነሥቼ፣
ደመናውን አልፌ፣ በረዶውን አይቼ፣
ኬሻብን ላቅፈው ነበር።

ማክሰኞ ማታ ግን ሬዲዮው ተናገረ፤
መሬት ተንቀጥቅጦ ከተማው እንዳልነበረ።
ያገሩን ስም ሰማሁ፣ የወንዙንም ስም፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ጆሮዬ አልገባም።

"ገንዘብህን አስመልስ" አለችኝ አንጓች፣
የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች፤
"ሰው ሬሳ ሲያወጣ አንተ ምን ልትሆን ነው?"
እንየው አናጢው ግን ሣቀ፤ "ይሄኔ ነው!
ሆቴሉ ባዶ ነው፣ ዋጋው ወርዷል" አለኝ።
ቢሮ ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሯን አየችልኝ፤
"ቀን መቀየር፣ ጋሼ፣ ቅጣት ነበረበት፤
አደጋ ስለሆነ ግን ተነሥቷል" አለች፣ በትሕትና።
ተነሥቷል።
ከኔ ላይ የተነሣው
እዚያ ወርዶ ይሆን?

ለሠርግ ሳይጠራ የሚሄድ ቀላዋጭ ነው፤
ለለቅሶ ተጠርቶ የሚሄድ ግን ማነው?
በኛ ሰፈር ጥሩንባ ሲነፋ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ነጠላ አዘቅዝቆ ይወጣል ሰው ሁሉ፣ ክረምት ይሁን በጋ።

ግን ደግሞ አውቀዋለሁ ያን ሌላ እንግዳ፣
እዝን በልቶ በልቶ የሚተኛ ጓዳ።
ውሃው በልክ ነው አሉ፣ ድንኳን አልበቃም፤
እኔ ቋንቋ የለኝ፣ መንገድ አላውቅም፤
አንድ አፍ፣ አንድ ሆድ ነኝ፣ ሁለት የዛለ እግር፣
ከቁራሻቸው ላይ ቁራሽ የምበደር።

ደግሞስ ልናዘዝ፦
የፈረሰ ነገር ሳይ እግሬ ይቆማል፤ ግንበኛ ነኝ።
ድንጋዩ በየት ወደቀ? ማሠሪያው የት ላይ ከዳ?
እንዲህ ይላል ዓይኔ፣
ከሥሩ ሰው መኖሩን ረስቶ።
እኛም በግንባችን ጥላ ሥር ቆመን፣
ጣሪያ የሌለውን አዳራሻችንን
ሰው ፎቶ ሲያነሣው ስንት ዓመት አይተናል፤
"እንዴት ያምራል!" ሲሉ፦ መፍረስም ያምራል?

ኬሻብ ግን የመጣው በዚያ በክፉው ዓመት፣
አስጎብኚው ሁሉ ደጁ ላይ ተጎልቶ በሚውልበት፣
"አትሂድ" እያሉት ነው፤ የራሱን ሩዝ ይዞ።
ልምጣ ወይ አላለም፤ ወረደ በአዘዞ።
ስምንት ወር ከጎኔ ኖራ አቦካ፣ ድንጋይ ጠረበ፤
ሲሄድ የነሐስ ቱምቢውን እጄ ላይ አስቀመጠ፤
"ስትመጣ ታመጣዋለህ" አለኝ፣ በሰባራ አማርኛ።

ትናንት ሌሊት ስልኩ ሠራ።
"አትምጣ" አለኝ። "ቤት የለ። አልጋ የለ። እናቴ..."
ዝም አለ። ዝም አልኩ። መስመሩ ይንሿሿል።
"ቱምቢው አለ?"
"አለ።"
"እሺ" አለና ተቋረጠ።

ከማገሩ ላይ ሰቀልኩት፣ በስልኬ መብራት።
ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፤
ጥላው ግድግዳው ላይ ሄደ፣ መጣ።
መሬትስ ስንት ሌሊት ይፈጅባት ይሆን
ልቧ እስኪረጋ?
እስኪቆም ጠበቅሁት።

ከወጥ ቤት የገብስ ሽታ መጣ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።
አንጓች ለበሶ ገብስ ታምሳለች፤
አልጠየቅኋት፣ አልነገረችኝ።
ሻንጣዬን ከፈትኩ። አዲሱን ኮት አወጣሁ።
በሩ ላይ መጥታ ቆመች፣
እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፤
"ስንት ኪሎ ነው የሚያስጭኑህ?" አለች።